ሙጫው ከምን ይሠራል

«ንገሪያት እንጂ» አላት ዶክተሩ በዓረብኛ፤ ሲሀም ግን አፏ ተሳሰረ።

እናቷ ሬሀና ከጎኗ ተቀምጣ አፍ አፏን ታያታለች። የሬሀና ዓረብኛ የኩሽና ዓረብኛ ነው፤ ከድስትና ከመጥረጊያ አያልፍም። ለዚህ ነው ሲሀም ዛሬ ከትምህርት ቤት ቀርታ አስተርጓሚ የሆነችው።

በሬሀና ግራ ዓይን ነጩ ላይ የበቀለው ሥጋ ወደ ብሌኑ እየተሳበ ነው። ካልተነሳ እይታዋን ይጋርድባታል። ሥጋውን ቆርጠው ሲያነሱ፣ ቦታውን ከዚያው ከራሷ ዓይን በወሰዱት ስስ ሽፋን ይደፍኑታል። ሽፋኑ በክር ሊሰፋ ይችላል፤ ክሩ ግን ዓይን ውስጥ አሸዋ እንደገባ ለሳምንታት ይቆረቁራል፣ ያስለቅሳል። በሙጫ ከተጣበቀ ሕመሙም ይቀላል፣ ቶሎም ይሻላል።

ቶሎ መሻሉ ነው ቁም ነገሩ። አል ራዋቢ ሰፈር ያለችው አሠሪዋ ማዳም የሰጠቻት ፈቃድ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ኸላስ፣ ሌላ ሠራተኛ አመጣለሁ ብላለች። ማዳም ካባረረቻት ኢቃማ፣ የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለም። ኢቃማ ከሌለ ደግሞ ቱቅባ ሰፈር የተከራዩዋት ክፍልም፣ የሲሀም ትምህርትም አብረው ይሄዳሉ። ሬሀና የሙጫውን ወሬ ስትሰማ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ፊቷ የፈካው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዶክተሩ ነገሩን ያበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ሙጫው ሰዎች ከለገሱት ደም ተጣርቶ ይዘጋጃል፣ ከመፈረሟ በፊት ይህን ማወቅ አለባት አለ።

ደም! እናቷ እኮ ዶሮ እንኳ የደም ምልክት እስኪጠፋ ደጋግማ የምታጥብ ሴት ናት።

ዝም ብትልስ? እዚህ ክፍል ውስጥ ሁለቱን ቋንቋ አጣርታ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ማን ይነቃባታል? እናቷ ትፈርማለች፣ ዓይኗ ይድናል፣ ሥራዋም አይነካም።

«ምን አለ?» አለች ሬሀና። «አንቺ የነገርሽኝን ነው የምፈርመው። ሌላ ማንን አምናለሁ?»

ምነው ይህን ባላለች።

«እማ፣ ሙጫው ከሰው ደም ነው የሚሠራው።»

ሬሀና ሻሿን አስተካከለች። የማን ደም እንደሆነ ጠየቀቻት። ሲሀም የለጋሾች መሆኑን፣ ዶክተሩም ራሱ ሙስሊም እንደሆነ፣ ብዙ ሙስሊሞችም በዚሁ እንደታከሙ አንድ በአንድ ነገረቻት። ማዳም ያለችውንም አስታወሰቻት። መጨረሻ ላይ ለመነቻት።

«ለእነሱ ይሁን» አለች ሬሀና። «እኔ የማላውቀውን ሰው ደም ዓይኔ ላይ ለጥፌ በምን ልቤ እሰግዳለሁ? በክር ይስፉኝ።»

«ማዳምስ?»

«ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ እንጀራ የሚሰጠው እሱ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ግን ተንቀጠቀጠ።

ሲሀም እንባዋ መጣ። እናቷን ጎትጉታ ማሳመን አትችል፣ ማዳምን መለመን አትችል። ዶክተሩ እናቷ የቱን እንደመረጠች ጠየቃት። አሁንም ቢሆን አንዲት ቃል ብትለውጥ የሚያውቅባት አልነበረም።

«በክር» አለችው። «በክር ይሁን ብላለች።»