የዴዝመንድ ማርሚታ

ኢንስፔክተር ሮዌና ኪትሰን ስትደውል ክላይቭ ሃርግሪቭ የግቢውን አጥር እየከረከመ ነበር።

«ዴዝመንድ ትሪስ መኪናው ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል። ማርሚታውን የገጠሙለት እርስዎ ነዎት ተብያለሁ፤ ቢመጡ ደስ ይለኛል።»

ክላይቭ «እሺ» አለና መቀሱን አስቀመጠ።

ያቺን መኪና ዴዝመንድና ጎረቤቱ ራስል ኮል ክፍሎቿን በሳጥን ገዝተው፣ ለዓመታት ቅዳሜና እሑዳቸውን ሰውተው የገጣጠሟት ናት። የጭስ መውጫው፣ ማርሚታው ላይ ሲደርሱ ግን ባለሙያ አስፈለጋቸውና ክላይቭን ጠሩት። ክላይቭ ቱቦው በመኪናዋ ሆድ ሥር አልፎ ከኋላ እንዲወጣ፣ ድምፅ ማፈኛውም ትልቅ እንዲሆን መከረ። ዴዝመንድ ከበሩ ሥር በጎን የሚወጣውን፣ አጭሩንና ጯሂውን መረጠ። መረጠ ብቻም አይደል፣ መጠጥ ቤት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ክላይቭ እኮ አክስቱ ገበያ የምትሄድባትን መኪና ሊሠራልኝ ነው!» ብሎ አሳቀበት። ክላይቭ ጥርሱን ነክሶ የታዘዘውን ገጠመ።

አሁን ግን የሚያስጨንቀው ስድቡ አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ዴዝመንድ ወደ መኪና ትርኢቱ ሲሄድ በክላይቭ በር አልፏል። ከጩኸቱ ሥር «ፍስ፣ ፍስ» የሚል ነገር ነበር፤ የቱቦው መጋጠሚያ ይተነፍሳል። ክላይቭ ይህን ድምፅ እንደ ልጁ ድምፅ ያውቀዋል። እጁን ቢያነሳ ዴዝመንድ ይቆም ነበር። «ራሱ ይመለስ፤ ራሱ ይለምነኝ» ብሎ ወደ አጥሩ ዞረ።

ፖሊሶች መኪናዋን ወደ ዴዝመንድ ጋራዥ መልሰው በማንሻ ሰቅለዋታል። ሮዌና በጀርባዋ ተኝታ የመኪናዋን ሆድ በባትሪ ስትመረምር አገኛት። አጭር፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት።

«መንገድ ዳር አቁሞ ነው የሞተው» አለች ሳትነሳ። «መነጽሩን አውልቆ አስቀምጧል፤ ራሱን አሞት ነበር ማለት ነው። ሞተሩን ግን አላጠፋም። የሸራው ጣሪያ ተወጥሯል፣ የጎን መስኮቶቹም ተዘግተዋል። ሐኪሙ የጭስ መርዝ ነው ብሏል። ይህን ይዩልኝማ።»

ከሹፌሩ እግር ሥር ያለውን መጋጠሚያ አሳየችው። ከተጠቀለለበት ጥብጣብ ሥር ማሰሪያ ቀለበቱ ላልቷል። ክላይቭ ጎንበስ ብሎ አየው።

«አጥብቄዋለሁ... አጥብቄዋለሁ መሰለኝ።»

«ይህን የሙቀት መከላከያ ጥብጣብ የጠቀለለውስ?»

«እኔ ነኝ። ከኋላ ጀምሬ ወደ ፊት ነው የምጠቀልለው፤ ጠርዙ ወደ ኋላ ካልዞረ የመንገድ ውሃ ይገባበታል።»

ሮዌና «እህ» አለችና ተነሳች።

የዴዝመንድ ሚስት ግዌን ዓይኗ አብጦ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ክላይቭን ስታይ ፊቷን አዞረች።

«ይህቺን መኪና ይወዷት ነበር?» አለቻት ሮዌና።

«እኔ? እሳት ይብላት ስል ነው የኖርኩት! ባሌን የወሰደችብኝ ዛሬ መሰለሽ?»

«ሰማዩ እንዲህ ጠርቶ ጣሪያውን ለምን ወጠረ?»

«ዝናብ እየመጣ ነው ተብሎ ነዋ። ራስል ደውሎ ነገረው። እኔ እንኳ ስቄበት ነበር።»

ራስል ከትርኢቱ በሞተር ሳይክሉ ደረሰ። እጅጌ አጭር ሸሚዝ ለብሷል፣ ክንዱ በፀሐይ ቀልቷል።

«እዚያ ስጠብቀው ዋልኩ» አለ ላቡን እየጠረገ። «እንዲህ ያለ ቀን መቼ ይገኛል! ክላይቭ፣ ምን አደረግክብን? አንዲት ብሎን ማጥበቅ አቃተህ?»

ክላይቭ ዓይኑን ወደ መጋጠሚያው መለሰ።

ሮዌና ሦስቱንም መኪናዋ ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ጭሱ እንዲገድል ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ከሥር የላላ መጋጠሚያ፣ ከላይ መግቢያ ቀዳዳ። ከመጋጠሚያው ልጀምር። ሚስተር ሃርግሪቭ ጥብጣቡን ሁሉ ጠርዙን ወደ ኋላ አድርገው ነው የጠቀለሉት። መጋጠሚያው ላይ ያለው ቁራጭ ብቻ ጠርዙ ወደ ፊት ነው። ሌላ ሰው ፈትቶ፣ ቀለበቱን አላልቶ መልሶ ጠቅልሎታል። እርሳቸው ማላላት ቢፈልጉ መጀመሪያውኑ ሳያጠብቁ ይጠቀልሉት ነበር፤ መፍታት ለምን?»

ክላይቭ የመኪናዋን ጎን ያዘ።

«የመኪናዋ ወለል ላይ ደግሞ ቀዳዳ የሚደፍን የጎማ ውታፍ ነበር። ከውስጥ ካልሆነ አይነቀልም፤ እዚያ ለመድረስም የተለጠፈውን ምንጣፍ ማንሳት ያስፈልጋል። ተነስቷል፤ ውታፉ የለም፤ ምንጣፉ በአዲስ ሙጫ ተመልሷል። ምንጣፉን መጀመሪያ የለጠፈው ማነው?»

«ራስል» አለች ግዌን ቀስ ብላ።

«ጣሪያው ካልተወጠረ ግን ጭሱን ነፋስ ይወስደዋል። ስለዚህ ዝናብ አስፈለገ። ሚስተር ኮል፣ ለጓደኛዎ ዝናብ እየመጣ ነው ብለው ደወሉለት። እርስዎ ግን ያለ ካፖርት፣ በሞተር ሳይክል፣ በሸሚዝ ወጡ። ዝናቡ ለእርሱ ብቻ ነበር የሚዘንበው?»

ራስል ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ዓይኑ መሪው አጠገብ በተሰካችው የነሐስ ሰሌዳ ላይ አረፈ፤ «ዴዝመንድ ትሪስ ሠራት» ትላለች።

«ግማሹ የእኔ እጅ ነው» አለ። «ስሜን አብሮ ቢጽፈው ምን ነበረበት? ራሱን እንዲያመው፣ መንገድ ላይ ቆሞ እንዲያፍር ነበር። መኪናህ በሽተኛ ናት እንዲሉት። ልገድለው አይደለም፣ ግዌን... በልጆቼ!»

ግዌን አላየችውም። ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

ሮዌና ከክላይቭ አጠገብ ቀረች። «ዴዝመንድ በደጅዎ ሲያልፍ አጥር እየከረከሙ ነበር አሉ ጎረቤትዎ። የእርስዎ ጆሮ የሚያመልጠው አይመስለኝም።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሕጉ በዚህ አይጠይቅዎትም» አለችና ባትሪዋን አጥፍታ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ግዌን ሻይ ይዛለት መጣች።

«አንተን ጠርጥሬ ነበር፣ ክላይቭ። ይቅር በለኝ። ደህና አድርገህ ነው የሠራህለት።»

ሻዩን ተቀበለ፤ ወደ አፉ ግን መውሰድ አልቻለም።

«ግዌን፣ መጋጠሚያው ሲተነፍስ ጠዋት ሰምቼዋለሁ። እጄን ባነሳ ይቆም ነበር። ስለሳቀብኝ ዝም አልኩት።»

ግዌን ቀና ብላ አየችው።

«ምነው ባትነግረኝ?»

«ይቅርታሽን ይዤ ቤቴ መግባት አቃተኝ።»

ስኒውን ከእጁ ወሰደችው። «ሂድ» አለች፤ አልጮኸችም። ክላይቭ አግዳሚው ላይ ያስቀመጠውን ባርኔጣ እንኳ ሳያነሳ ወጣ።