ዐሥረኛው መስመር

ኦሪን እጁን ሲያወጣ የቡድኑ መዝጋቢ የዴላ እርሳስ ከእጇ ወደቀ።

በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የተሰበሰቡት ዘጠኙ የመንደሩ ቤዝቦል ተጫዋቾች አራት ለአራት ተከፍለው ነበር። ኳስ ወርዋሪው እንደ ሌሎቹ ተራው ሲደርስ ዱላ ይዞ ይምታ? ወይስ አዲሱ ሕግ እንደሚፈቅደው፣ ሜዳ ውስጥ የማይጫወት ሌላ ሰው ይምታለት? የቀረው የኦሪን ድምፅ ነበር። ኳስ ወርዋሪውም እሱ ራሱ ነው።

«ሌላ ሰው ይምታልኝ» አለ፤ ቀና ብሎ አላያትም።

ከሦስት ዓመት በፊት የተዋወቁት በዚያው ዱላ ነበር። ኦሪን የመታት ኳስ አጥር ዘላ የአባቷን መኪና መስታወት አደቀቀች። ዴላ ልትሰድበው ሮጣ መጣች፤ ኮፍያውን አውልቆ በሐፍረት ሲቀላ ስታይ ግን ስድቡ ጠፋባት። በመስከረም ሊጋቡ ነው።

ደጅ ላይ ጠበቀችው።

«ግማሽ ተጫዋች! አንዱ ወርውሮ ይቀመጣል፣ ሌላው መትቶ ይቀመጣል። ይኼ ጨዋታ ነው?»

«ዴል፣ ስሚኝ...»

«አልሰማም! በሰው ዱላ ጀግና መሆን አማረህ?»

ኦሪን አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ይኼ ይበልጥ አንገበገባት። ቀለበቱን አላወለቀችም፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን ስልኩን አላነሳችለትም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ የጨዋታውን መዝገብ ጭኗ ላይ ዘረጋች። ገጹ ዘጠኝ መስመር ብቻ ነው ያለው። ለዐሥረኛ ሰው ቦታ እንደሌለ ለአሠልጣኙ ልትነግረው ስትል፣ በወርዋሪው ፋንታ የሚመታው ሰው ስም ተጠራ፦ ሃልቮር ሩድ።

አባቷ!

ትራክተር ጉልበቱን ከሰበረው ወዲህ ሃልቮር ሁለት ዓመት ሜዳ አልረገጠም። ስለ ቤዝቦል ሲወራ እንኳ ተነሥቶ ይወጣ ነበር። አሁን የጠበበውን መለያ ለብሶ፣ እያነከሰ ብቅ አለ።

ዴላ መዝገቧን ይዛ ወደ ኦሪን ሄደች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ከጎተራው ጀርባ ብቻውን ዱላ ሲወዘውዝ አገኘሁት። ዝንብ እያባረርኩ ነው አለኝ። ብነግርሽ ታዝኚለት ነበር። እሱ ደግሞ የሚያዝንለት ሰው አይወድም» አላት።

«ሕጉ አሁንም አሳፋሪ ነው!»

«ነው» አለ ኦሪን። «እኔም ዱላዬ ትናፍቀኛለች።»

ሃልቮር ሁለት ኳስ ሳተ። ሦስተኛዋን አጮላት። ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ ሁለተኛው የሩጫ ማረፊያ ላይ በደረሰ ነበር፤ እሱ አንደኛው ላይ በጭንቅ ደርሶ በግንባሩ ተደፋ። የተቃራኒው ቡድን ተጫዋች ሊያነሣው እጁን ዘረጋለት።

«እጅህን ሰብስብ፣ አንተ!» ብሎ ጮኸበትና ራሱ ተነሣ።

ዴላ ዓይኗን ጠረገች። ከዘጠኙ መስመር ሥር፣ ያለ ማስመሪያ፣ ጠማማ ዐሥረኛ መስመር አሰመረችና ተራውን ለአባቷ የለቀቀውን የኦሪንን ስም ጻፈችበት።

«በመስከረም ግን» አለች ከመዝገቡ ቀና ሳትል፣ «በአንተ ፋንታ ሌላ ሰው ብትልክ፣ ወየውልህ!»

ኦሪን እንደ ተዋወቁበት ቀን ኮፍያውን አወለቀ።