በቁሙ ያለቀስኩለት ሰው

ላቀውን መጀመሪያ ያየሁት እናቴን ተሸክሞ ነው። እሱ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከአርማጭሆ ተነስተን፣ የሱዳንን ድንበር በእግራችን አቋርጠን፣ ከሾዋክ ከተማ ብዙም ሳይርቅ አንድ ሜዳ ላይ ሰፍረን ነበር። ሰው ሞልቷል፤ ሬሳ የሚያነሳ ጉልበት ግን የለም። ጠዋት ቀባሪ የነበረው ከሰዓት ተቀባሪ ነው። ይሄ ረጅም ልጅ ከየት እንደመጣ ሳላየው መጥቶ፣ ምንም ሳይለኝ ጎንበስ አለና እናቴን አነሳት።

እናቴ በጆንያ ነበር የተጠቀለለችው። በአርማጭሆ ስሟ የተጠራ አልቃሽ፣ የስንቱን ባላባት ሬሳ በሙሾ የሸኘች ሴት፣ በማሽላ ጆንያ!

ለሬሳ መግነዝ የሚሆን አቡጀዲ በመኪና ይመጣ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። የዚያን ለት ጠዋት የመጠለያው ሊቀመንበር ዘንድ ሄጄ ለምኛለሁ። አስናቀው ይባላል። አገር ቤት የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር፤ ሲሰደድ ሊቀመንበርነቱን እንደ ስንቅ ቋጥሮ መጣ። መጠለያው ውስጥ ካለችው አንዲት የብረት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣

«አቡጀዲ አልቋል» አለኝ።

«አያ አስናቀው፣ እናቴ ናት። ራቁቷን አልቅበራት።»

«የሞተ ሰው አይበርደውም፣ ሣህሊቱ። ሂጂ ቅበሪ።»

ይቺን ቃል አልረሳኋትም። እርጅና ብዙ ነገር ወስዶብኛል፤ ይቺን ግን አላስነካሁትም።

ጉድጓዱ አጠገብ ስንደርስ ልጁ ጋቢውን ከትከሻው አወረደና ዘረጋልኝ።

«በዚህ እንገንዛት፤ እንዲህስ አትገባም» አለ።

«የማን ቤት ጋቢ ነው?»

ጎንበስ ብሎ የጋቢውን ጠርዝ ማስተካከል ጀመረ።

«የማን ቤት ጋቢ ነው አልኩህ እኮ!»

«የወንድሜ … የአስናቀው።»

«እንግዲያው መልሰህ ልበሰው። ከዚያ ቤት የወጣ ጨርቅ እናቴን አይነካትም።»

አልተቆጣም። ጋቢውን አጥፎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና አፈሩን በእጁ መመለስ ጀመረ። ስንጨርስ ትክ ብሎ አየኝ። ዓይኑ ትልልቅ ነው፤ የጥጃ ዓይን።

«ለምን አታለቅሺም?»

«እንባዬን ለሌላ ሰው አስቀምጬዋለሁ።»

ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። የገባው ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲያ ዓይናችን ተላመደ። እሱ የእህል ሎሪ ሲመጣ ጆንያ ያወርዳል፤ እኔ ሰልፍ ላይ ነኝ። ከጆንያው ሥር አንገቱን አዙሮ ሲፈልገኝ አያለሁ፤ ሲያገኘኝ መሬት መሬት ያያል። ውሃ የሚያመጣው ቦቴ ጋ ሰልፉ ሲረዝም ጄሪካኔን ከእጄ ይወስድና ሞልቶ ድንኳኔ ደጅ አስቀምጦ ይሄዳል። አንድ ቀን ደረስኩበት።

«አንተ፣ ቋንቋ የለህም እንዴ? እንደ ሌባ ውሃ አስቀምጠህ የምትሸሸው?»

«አፍሽን ፈርቼ ነው።»

«ወንድምህን የማትፈራ የኔን አፍ ትፈራለህ?»

«እሱ ሲቆጣ ይገርፋል። አንቺ ስትቆጪ እንቅልፍ ትነሻለሽ።»

ሳልወድ በግድ ሳቅሁ። እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው፤ ሌላ ማን እንዲህ ያስቀኝ ነበር!

ግን ነገሩ አልጣፈጠም። ሰኪና የምትባል የጎንደር እስላም ነበረች። ሾዋክ ከተማ ቤት አላት፤ መጠለያው በር ላይ ሻይ ትሸጣለች። አንድ ቀን ጠራችኝና፣

«ሣህሊቱ፣ የእናትሽን አቡጀዲ ሾዋክ ገበያ አየሁት» አለችኝ። «ጥቅሉ ሳይፈታ ተደርድሯል። ማን አመጣልህ ብለው ነጋዴው የእናንተውን ሊቀመንበር ጠራልኝ። ቤቱም ገና ያልወጣ ሞልቷል አለኝ።»

ላቀውን ሎሪው ሥር አገኘሁት።

«ወንድምህ አቡጀዲውን ሲሸጥ አላየሁም በለኝ!»

«አላየሁም።»

«እንዴትስ ታየዋለህ! ጀርባህ ላይ ተጭኖ ነዋ የሄደው!»

ፊቱ አመድ ሆነ። «የተሰፋ ጆንያ ነው ያሸከመኝ። የበሰበሰ እህል ነው፣ ውጪ ጣለው አለኝ» አለና እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለ። «ሣህል … አባታችን ሲሞት በጉንጩ አላምጦ ያጎረሰኝ እሱ ነው። ምን ላድርገው?»

«አንተ ምንም አታድርገው። እኛ እናደርገዋለን።»

ወንዶቻችን ግን ሞክረው ሞክረው ደክመው ነበር። መጀመሪያ አቤቱታ አስጽፈው ለሱዳኑ ሙዲር፣ ለመጠለያው ኃላፊ ማለት ነው፣ ሰጡ። ሙዲሩ አማርኛ አያውቅ፤ አስናቀውን ጠርቶ «ምን ይላል?» አለው። አስናቀው «ያመሰግኑዎታል» ብሎ አነበበለት። የፈረሙት ሁሉ ራሽን ተከለከሉና ወደ ፋሽጋ ሰሊጥ አጨዳ ተበተኑ። ቀጥሎ ታምሬ የሚባል ጎረምሳ ዱላ አንስቶ አስናቀውን ሊፈነክት ሄደ፤ ፖሊስ አስሮ ገዳሪፍ ከተማ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ወንዱ ሁሉ ጢሙን እያሻሸ መነጋገር ብቻ ሆነ ሥራው።

ሰኪና ሻይ ቤት ሴቶቹን ሰበሰብኩ።

«አስናቀው ሞቷል» አልኳቸው።

«ምነው! መቼ?» አሉ ደንግጠው።

«ነገ ጠዋት። ነጠላችሁን አዘቅዝቁ። ለቅሶ እንቀመጣለን። ሲጠራችሁ አትስሙት፣ ሲመጣ አትዩት። ከሞተ ሰው እጅ እህል አንቀበልም።»

«ልጆቻችንስ ምን ይብሉ?» አለች አንዷ፣ የታቀፈችውን እያየች። እውነቷን ነው።

መልሱን የሰጠችው ሰኪና ናት። «ለቅሶ ነው አላላችሁም? ሾዋክ የለቅሶ ቤት እሳት አይነድበትም። ሱዳኗም የኛዋም እስላም የሐዘን ትሪ ይዛ ትመጣለች፤ ደንባቸው ነው። ለአድማ ቁራሽ የሚሰጥ የለም። ለለቅሶ የሚነፍግም የለም።»

«ማን ሞተ ሲሉስ?»

«ስንቱ ነው ያልተለቀሰለት እዚህ ሜዳ ላይ! ውሸት አለው?»

ጎሕ ሲቀድ መርዶውን እኔው ይዤ ሄድኩ። መርዶ ሰው ሳይነቃ ነው የሚነገር። ላቀው ደጃፉ ላይ ወጣልኝ።

«ላቀው፣ ወንድምህ ሞቷል። እግዜር ያጥናህ።»

ውስጥ አስናቀው ሲያስል ይሰማል።

«ይሄ የሚያስለው ማነው ታዲያ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ንፋስ ነው።»

ዓይኔን ፈለገው። ሳቅ አጣበት።

«እኔስ፣ ሣህል? እኔ ምን ልሁን?»

«ወይ ሐዘንተኛ ነህ፣ ወይ ሬሳ ጠባቂ። ከሁለቱ አንዱን ሁን።»

«ባልመጣስ?»

 ጄሪካኑ ትዝ አለኝ፣ ከጆንያው ሥር የሚዞረው አንገቱም። ግን እናቴ በጆንያ ናት ያለችው።

«ካልመጣህ አንተንም አላይህም» አልኩትና ሄድኩ። 

ሎሪው የመጣው የዚያኑ ለት ነው። አስናቀው ፊሽካውን ነፋ። ሰልፍ የለም። ሜዳው ላይ ሴቱ ሁሉ አዘቅዝቆ ተቀምጧል፤ ወንዱ በትሩን ተደግፎ ከኋላ ቆሟል። እኔ መሐል ገባሁና ለእናቴ ያላወጣሁትን ድምፅ አወጣሁ።

«አገር የተራበው፣ ሰው ያለቀ ለታ፣
አቡጀዲ ሸጦ፣ ሞተ ያገር ጌታ።
እናቴን በጆንያ የሸኘህ ጎበዝ ሆይ፣
ላንተስ መግነዝ ጠፋ፣ ዛሬ አይበርድህም ወይ?»

ሴቱ ደረቱን መታ። መጀመሪያ ላይ የሚስቁ ነበሩ። ከዚያ አንዷ የልጇን ስም ጠራች፤ ሌላዋ የባሏን። ሜዳው እውነተኛ ለቅሶ ሆነ።

አስናቀው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ተሳደበ። ቀጥሎ እያንዳንዳችን ፊት እየቆመ «አለሁ እኮ! አታዩኝም?» ይል ጀመር። ቄሱ ዘንድ ሄዶ ለመሳለም ጎንበስ ቢል፣ «ነፍስ ይማር» ብለው መስቀላቸውን ደበቁበት። ሚስቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ሴቱ ሁሉ እየተነሳ «እግዜር ያጥናሽ፣ እቴ» አላት። ማታውን ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ ካሰላ ከተማ፣ ዘመዶቿ ዘንድ ሄደች።

ከሾዋክ ትሪው መጣ። ሴቶቹ ከራስ እስከ እግር በሚጠመጠመው ቶባቸው ተሸፍነው፣ ትሪውን በራሳቸው ይዘው፣ በሰልፍ። ኪስራ የሚሉት ስስ እንጀራ፣ ሙላሕ የሚሉት ወጥ፣ ለልጆቹ ወተት። አልጠገብንም፤ ግን አልሞትንም። እህሉ ሎሪው ላይ እንደተከመረ አደረ፣ ዋለ። እህሉን የሚሰጡት ፈረንጆች ሊጎበኙ እንደሚመጡ ያወቀው ሙዲር በላብ ተነክሮ ደረሰ።

«ማት ሚኑ?» አለ። ማን ሞተ ማለቱ ነው።

«አስናቀው» አለችው ሰኪና በአረብኛው።

«ይሄው ቆሟል አይደለም እንዴ!»

«የት? እኛ አይታየንም። እሱ ያነበበልህ አቤቱታም ስለ መግነዛችን መሸጥ ነበር፤ ሟቹ ደብቆህ ነው። እህሉን የሚሰፍር በሕይወት ያለ ሰው ስጠን፤ ያኔ እንቀበላለን።»

ሙዲሩ አስናቀውን አየ፤ እኛን አየ፤ የተከመረውን ጆንያ አየ። እኔ ግን ሙዲሩን አላየሁም። ዓይኔ ላቀው በሚመጣበት መንገድ ላይ ተተክሎ ነው የከረመው። ለቅሶው ከተጀመረ ወዲህ ከቤት አልወጣም። የታላቅ ወንድሙን ደም መርጧል፣ በቃ፣ ብዬ አንጀቴን አስሬ ነበር።

በሣልስቱ ጠዋት መጣ።

ራሱን ተላጭቷል። ወንድም የሞተበት ሰው እንደሚላጨው፣ ሙልጭ አድርጎ፤ ምላጩ ያደማው ቦታ ይታያል። ጋቢውን ጥሎ ነው የመጣው። በሴቶቹ መሐል አልፎ እኔ ፊት ደረሰና ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ። 

«እግዜር ያጥናህ» አልኩት። 

«እግዜር ያጥናሽ» አለኝ። ለእናቴ ነው። እስከዚያች ቀን ማንም አላለኝም ነበር።

አስናቀው ወንድሙን እንደዚያ ሆኖ ሲያየው እየሮጠ መጥቶ ፊቱ ቆመ። «ላቀው! እኔ ነኝ እኮ!» አለ። ላቀው መሬት እያየ አለቀሰ። የምሩን አለቀሰ። ቀና ግን አላለም።

ይሄን ቆሞ ያየው ሙዲርም «ለሞተ ሰው እህል አላስረክብም» ብሎ የሊቀመንበርነቱን ማኅተም ከእጁ ተቀበለው። ሹም የሚባለው ነገር ይሄው ነው፤ ሲጠራ «አቤት» ባይ ካጣ፣ ወንበር ላይ የተጣለ ጨርቅ ነው። ይሄን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገኝም።

ላቀው ከሰሌኑ ተነሳና ወደ ወንድሙ ጎጆ ሄደ። «የሟች ወራሽ እኔ ነኝ» አለ። ያልተሸጠውን አቡጀዲ በጥቅል በጥቅሉ አወጣው። አስናቀው ከኋላ ከኋላው «የኔ ነው! ተው!» ይላል። ማን ይስማው? ሬሳ የቀበረ ሁሉ ድርሻውን ቀደደ። ለኔ የእናቴን ቀዶ ሲሰጠኝ እጁ እጄ ላይ ትንሽ ቆየች። የዚያኑ ለት አስናቀው በባዶው ሎሪ ላይ ወጥቶ ወደ ገዳሪፍ ሄደ። እጁን ያወዛወዘለት የለም።

በነጋታው እጅ አውጥተን አምስት ሰው መረጥን፤ ሁለቱ ሴቶች። እኔን ሊመርጡ ቢሉ እንቢ አልኩ። ታምሬም ተፈታ።

እኔማ አሁን ላቀው ሽማግሌ ይልክብኛል ብዬ ሠርጌን እጠብቃለሁ። ላቀው ጄሪካኑን አስቀምጦ አጠገቤ ቆመ።

«ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ሚዜ አልጠራም» አለኝ።

«የማን ሙት ዓመት?»

«የወንድሜ።»

«ሰውዬው ገዳሪፍ ፉል እየበላ ነው እኮ!»

«አንቺ ገደልሽው፣ እኔ ቀበርኩት። ቀልድ ነበር ካልሽ ተነስቼ ላምጣው። እውነት ነበር ካልሽ፣ ሐዘኔን ልጨርስ።»

«ጨርስ» አልኩት።  ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ለበሰ፤ እኔም ዓመቱን ሙሉ በዓይኔ ብቻ በላሁት። አቡጀዲዋን ተንተርሼ ነበር የምተኛው።

ሙት ዓመቱ ሲወጣ፣ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ሠርግ አይደለም። ቄሱን ይዘን የእናቴን አጽም አወጣን። ላቀው ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ፣ ጆንያውን በእጁ እየገለጠ፣ በአቡጀዲው ገነዛት። እንደ ሕፃን አቅፎ ነው ያነሳት። ከጥሎሽ ሁሉ ያ ነበር ጥሎሼ፤ ወርቅ የተጣለላቸው ሴቶች ይምጡና ይወዳደሩኝ። በሳምንቱ ተጋባን።

አሁን ገዳሪፍ ነው የምንኖረው፤ ልጆቻችን አረብኛ ይቀናቸዋል። አምና በክረምቱ፣ ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ ባደረገው ቀን፣ አንድ ሽማግሌ ደጃችን ላይ ቆመ። ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«ሣህሊቱ … አስናቀው ነኝ። በረደኝ።»

ላቀው ውስጥ ሆኖ ሰማ። እኔን ያያል፤ እነዚያ የጥጃ ዓይኖች ዛሬም አልተለወጡም። 

«ማነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«ንፋስ ነው» አልኩት። ከዚያ በሩን ይዤ፣ ለማንም ሳይሆን ለዝናቡ፣ «የሞተ ሰው አይበርደውም» አልኩና ዘጋሁት።

ያን ቃል ተሸክሜው ኖሬ ነበር። ለባለቤቱ መለስኩለት፤ ቀለለኝ።

ወደ ጓዳ ስገባ የጓሮው በር ሲከፈት ሰማሁ። ላቀው ነው፤ ጋቢውን ከችንካሩ አውርዶ በብብቱ ሸጉጦ፣ በዚህ ዕድሜው እንደ ሌባ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ወጣ። አይቼዋለሁ። እንዳላየ ሆኜ ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ።

ለላቀው ብዬ ነው። ለሟቹ አይደለም።