የሸፊ ጉድጓድ አረንጓዴ ውሃ

ጀዊሪያ ባልዲዋን ስትለቀው የውሃ ድምፅ አልሰማችም። ገመዱን ሳብ አድርጋ ደግማ ለቀቀችው፤ ባልዲው ለስላሳ ነገር ላይ አርፎ ቀረ። ጎንበስ ብላ ስታይ ውሃው አረንጓዴ ሆኗል፤ በአረንጓዴው ውሃ ላይ የሰው ጀርባ ይታያል። ካፖርቱን አወቀችው። እንዲያ ያለ አሮጌ ካፖርት በሰፈሩ የሚለብስ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሟቹ ፀሐዬ ይባላል። የመንግሥት የከርሰ ምድር ውሃ አጥኚ ነው፤ ከሸፊ ግቢ አጠገብ፣ ከወይዘሮ ገበያነሽ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ለብቻው ይኖር ነበር። በክረምቱ ተስቦ ገብቶ የሰፈሩን ልጆች ሲቀጥፍ፣ የሸፊ ጉድጓድ ከየት እንደሚበከል እንዲያጣራ የታዘዘው እሱ ነው። የቦኖው ቧንቧ ከተበላሸ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ የሚቀዳው ከዚያ ጉድጓድ ነበርና። ከሞቱት ልጆች አንዷ የጀዊሪያና የባለሱቁ የሸፊ ልጅ ዓሊማ ናት።

የፖሊስ መርማሪው ሻምበል ቶሎሳ ሾዴ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ሲደርስ ነገሩ አልቆ ጠበቀው። ቀበሌው አልቋል ብሎ ነበር ማለት ይሻላል። ሸፊ ታስሯል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ካሣዬ በጥቅምት ብርድ በሹራብ ብቻ እየተንቀጠቀጠ፣ ነገሩን እንደ ስብሰባ ሪፖርት ዘረዘረለት። ጉድጓዱ በሸፊ ግቢ ነው፤ ሸፊ ከሟቹ ጋር ሰው ፊት ተጣልቷል፤ የመንግሥትን ባለሙያ መግደል ደግሞ አብዮቱን መግደል ነው። ሸፊ ነገ ጠዋት ለበላይ አካል ይተላለፋል። በ1973 ዓ.ም. ወደ በላይ የተላለፈ ሰው፣ እሱ ይቅርና ልብሱም አይመለስም ነበር። ይህንን ጀዊሪያም ታውቃለች፤ ምሳ ዕቃዋን ታቅፋ ከቀበሌው በር ላይ ቁጭ ብላለች።

ሕዝቡ መርዝ ነው፣ መርዝ ነው ይላል። ያረጋጋው ካሣዬ ነው።

«መርዝ አይደለም» አለ ለሻምበሉ። «ለሥራው የሚይዘው ቀለም ነው። ሲወድቅ ከኪሱ ተደፍቶ ነው።»

«ሟቹን በደንብ ያውቁት ነበር?»

«የመንገድ ሰላምታ ብቻ፣ ጓድ ሻምበል። እኔ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሸጎሌ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ወደ ጉድጓዱም አልቀረብኩም። አሁን ለሟቹ ክብር ጉድጓዱ ዛሬውኑ በድንጋይና በአፈር እንዲደፈን አዝዣለሁ።»

ሻምበሉ ራሱን ነቀነቀ። ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ከነጭራሹ ዝም ብሏል፤ ተጠርጣሪዎች ዝምታውን ፈርተው ያልተጠየቁትን ይለፈልፋሉ፤ እሱ ግን ስልት ብሎ ያመጣው አይደለም፣ የሚያዋራው ሰው ስለሌለው ነው።

ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። ከማጅራቱ በላይ ቁስል አለ፤ ከጉድጓዱ አፍ ድንጋይ ጋር የተጋጨ ይመስላል። ከካፖርቱ ኪስ አንዲት ትንሽ ክዳናም ጣሳ አወጣ። ክዳኑ ጥብቅ ነው፤ በሴንጢ ነው የተከፈተለት። ውስጡ ባዶ ነበር፤ ከግርጌው ስፌት ላይ ግን ቡናማ ዱቄት ቀርቷል። በጣቱ ነካው። ደረቅ ነው። መልሶ ከድኖ ወደ ራሱ ኪስ ከተተውና ለማንም ምንም አላለም።

ወዲያው የሟቹ የሥራ ባልደረባ ደበላ መጣ። ሬሳውን ሲያይ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ከቆይታ በኋላ ሻምበሉ ስለ ቀለሙ ጠየቀው።

«ደረቅ ሳለ ቡናማ አፈር ይመስላል» አለ ደበላ። «ውሃ ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል። ሰው አይጎዳም። ከመሬት በታች ያለው ውሃ መንገድ በዓይን ስለማይታይ፣ ከላይ ካለ ጉድጓድ እንጨምርና ከታች ያለውን እንጠብቃለን። የታችኛው አረንጓዴ ከሆነ፣ የላይኛው ወደ እሱ እየፈሰሰ ነው።»

«የት ነበር የጨመረው?»

«አልነገረኝም። ውጤቱ ሳይረጋገጥ አይናገርም፤ ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይጣላ ይፈራል። ለሰፈሩም ጥልቀት ነው የምለካው ነበር የሚለው።»

ከሸፊ ጉድጓድ በላይ፣ በእንጦጦ በኩል፣ ሁለት የሽንት ቤት ጉድጓዶች አሉ። አንዱ የወይዘሮ ገበያነሽ ነው። ሌላው ካሣዬ ሕዝቡን አስተባብሮ ያሠራው የመሠረተ ትምህርት አዳራሽ ሽንት ቤት ነው፤ ያ አዳራሽ ሲመረቅ ለካሣዬ ተጨብጭቦለታል።

ሸፊ ከእስር ክፍሉ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ጠቡን አልካደም። ልጁን ቀብሮ ሲመለስ ፀሐዬ ገመድ ይዞ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ አገኘው፤ አሁን ነው የመጣኸው ብሎ ጮኸበት።

«ምን መለሰልህ?»

«ምንም። አለቀሰ።»

«ማን?»

«እሱ ነዋ። እኔማ ጨርሻለሁ።»

ትናንት ማምሻውን ሱቁ ውስጥ ብቻውን ነበር፤ ጀዊሪያ እህቷ ዘንድ ሄዳ ነበር፤ የግቢው በር ደግሞ ለቀጂው ሁሉ ክፍት ነው። መከላከያው ይኸው ነው። ሻምበሉ ሲወጣ ጀዊሪያ ተነሥታ ቆመች። ዓይን ዓይኑን አየችው፤ ሻምበሉም አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

ወይዘሮ ገበያነሽ የፀሐዬን ክፍል ከፈቱለት። አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ብርጭቆ፣ ዳር ዳሩ ያለቀ መጽሐፍ ቅዱስ። ሻምበሉ የገዛ ቤቱ የገባ መሰለው። አንድ ነገር ብቻ ሁለት ነበር፤ በዳማ ሰሌዳ ግራና ቀኝ ሁለት በርጩማዎች ተቀምጠዋል። በሰሌዳው ላይ ያላለቀ ጨዋታ አለ፤ ጠጠሮቹ የጠርሙስ ቆርኪዎች ናቸው።

«ከማን ጋር ነበር የሚጫወተው፣ እማማ?»

«ከማን ጋር ይጫወታል ብለህ ነው፣ ልጄ? ጴንጤ ነው፤ የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ሰው አይመጣበትም። እድርም አልገባም። ካሣዬ ብቻ እሑድ እሑድ ብቅ ይላል። ያን ቀን ብቻ ነው ሳቁን የምሰማው።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የልባቸውን ፍርሃት ተናገሩ፤ ልጆቹን የጨረሰው የእኔ ሽንት ቤት ይሆን እያሉ እንቅልፍ አጥተዋል። የባሰ ያናደዳቸው ግን የካሣዬ ትእዛዝ ነበር።

«ሰው የሞተበት ጉድጓድ ይቀዳል እንጂ ይደፈናል እንዴ? ሰፈሩ ባልዲውን ይዞ ይወጣል፤ እስከ ጭቃው ተቀድቶ ይደፋል፤ ግድግዳው ይታጠባል፤ አዲስ ውሃ ሲመጣ ይጠጣል። ካሣዬ እዚሁ የተወለደ ልጅ ነው። የወፍጮ ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ሰው የሞተ ጊዜ በልጅነቱ አብሮን ቀድቷል። ምን ነካው?»

ሻምበሉ እዚያው ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወጥቶ ድንጋይ የተሸከሙትን ሰዎች መለሰና ጉድጓዱ እንዲቀዳ አዘዘ። ካሣዬ ተቆጣ፣ ወደ በላይ አመለክታለሁ አለ። ሻምበሉ ኃላፊነቱ የእኔ ነው አለው፤ ያን ጊዜ እንዲህ ማለት ቀላል አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ወንድ ሴት ሳይል እየተቀባበለ ቀዳ፤ አረንጓዴው ውሃ ግቢውን አልፎ በቦዩ ወረደ። ሻምበሉ በዚያ መሐል ከአንድ ፖሊስ ጋር ወደ አዳራሹ ደርሶ ተመለሰ።

ጉድጓዱ ሲደርቅና ግድግዳው ሲታጠብ ሸፊ እጁ እንደታሰረ መጣ። ጀዊሪያ፣ ወይዘሮ ገበያነሽና ካሣዬ በጉድጓዱ ዙሪያ ቆሙ። ደበላ ሁለት ነጭ ኩባያዎች ይዞ በገመድ ወረደ። ሲመለስ ኩባያዎቹን በድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። በአንዱ ያለው ውሃ ንጹሕ ነው። በሌላው ያለው አረንጓዴ ነው።

«ንጹሑ ከእማማ ገበያነሽ ግቢ ወገን ካለው ስንጥቅ የመጣ ነው» አለ ደበላ። «አረንጓዴው ከአዳራሹ ወገን። ሁለቱንም የጉድጓዱን ወለል ሳይነኩ ነው የተቀበልኳቸው።»

ወይዘሮ ገበያነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ሻምበሉ ጣሳውን አወጣ። «ጓድ ሊቀ መንበር ቀለሙ ሟቹ ሲወድቅ ከኪሱ ተደፋ ብለውኛል። ይህች ጣሳ ከኪሱ ስትወጣ ጥብቅ ብላ ተከድና ነበር፤ ውስጧም ደረቅ ነው። ውሃ ውስጥ የተከፈተ ጣሳ ራሱን አይከድንም። እንግዲያው ሰው ነው ዱቄቱን ወደ ጉድጓዱ የገለበጠው፤ ከድኖም ከሬሳው ኪስ ከትቶ የጣለው። ለምን? ውሃው ቀድሞውኑ አረንጓዴ ስለሆነ ነው። ቀለሙ ከመሬት በታች ሄዶ ደርሷል። ያንን መደበቅ ካልተቻለ፣ ከጣሳው የመጣ ማስመሰል ነው።»

ሻምበሉ ጣሳውን ከኩባያዎቹ አጠገብ አስቀመጠ።

«ይህንን የሚያደርግ የቀለሙን ትርጉም የሚያውቅ ሰው ነው። ሰፈሩ መርዝ ነው ብሎ ሲጮኽ፣ ደበላ ገና ሳይመጣ፣ ቀለም ነው ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከሟቹ ጋር ሰላምታ ብቻ ነው ያለን አለኝ፤ ነገር ግን እሑድ እሑድ ዳማ ይጫወታሉ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ አለ፤ ስብሰባው ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደተበተነ ሸጎሌ ልኬ አጣርቻለሁ። ሰው የሞተበት ጉድጓድ እንደሚቀዳ ከልጅነቱ ያውቃል፤ ግን ይደፈን አለ። የተቀዳ ጉድጓድ በአዲስ ውሃ ይሞላላ፤ አዲሱም ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ይመጣላ።»

ፖሊሱ አንድ ካኪ ኮት አቀበለው። ሰፈሩ ኮቱን ከሩቅ ያውቀዋል፤ ካሣዬ በበጋም አያወልቀውም ነበር። የተገኘው ከአዳራሹ ቁም ሣጥን ጀርባ ተጠቅልሎ ነው። እጅጌው ላይ አቧራውን በእርጥብ እጅ የጠረገ ሰው ምልክት አለ፤ የተጠረገበት ቦታ አረንጓዴ ሆኗል። ሻምበሉ ንጹሕ ውሃ በሳፋ አስመጣና የኮቱን ኪስ ገልብጦ ነከረው። ኪሱ ውስጥ የነበረው ቡናማ ብናኝ ሟሟ፤ ሳፋው ሁሉም እያየው አረንጓዴ ሆነ።

«ተረጭቶብኝ ነው አትለኝም» አለ ሻምበሉ፤ አሁን እርስዎ ማለቱን ትቷል። «ይህ ደረቅ ሳለ ነው ከጣሳው ኪስህ የገባው።»

ካሣዬ ወደ ሳፋው ጠጋ አለ። ሲናገር ድምፁ የስብሰባ ድምፅ አልነበረም።

«አዳራሹ ነው አለኝ። ሪፖርት ሳልጽፍ አንተው ዝጋውና ለሕዝቡ ንገር፣ እኔም አጠገብህ እቆማለሁ አለ። ልጆቹን የጨረሰው እኔ ያስቆፈርኩት ነው ብዬ? አሻጥረኛ ተብዬ እንድረሸን? ዝም በል ብዬ ለመንኩት። አይሆንም አለ። ገፋሁት… ሲወድቅ ጣሳው ከላይ በቀረው የሥራ ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ ዱቄቱን ውሃው ላይ ገለበጥኩና ጣሳውን ከድኜ ኪሴ ከተትኩት። መሰላል ይዤ ወረድኩ። ይተነፍስ ነበር። ጣሳውን ኪሱ ከትቼ ወጣሁ።»

ካሣዬ ወደ ሻምበሉ ዞረ፤ የተበደለው እሱ ይመስል ነበር።

«ለምን ወደ እኔ መጣ? በቀጥታ ለመሥሪያ ቤቱ ቢናገር ምን ነበረበት?»

«ሌላ ሰው ስላልነበረው ነው» አለ ሻምበሉ።

የሸፊን እጅ የፈታችው ጀዊሪያ ናት፤ ቋጠሮውን በጥርሷ ነበር የፈታችው። ሸፊ እንደተፈታ አልተደሰተም፤ አረንጓዴውን ኩባያ አንሥቶ ረጅም ጊዜ ካየው በኋላ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ ደፋው።

በማግስቱ ፀሐዬን ለመቅበር እድር አልወጣም፤ ድንኳንም አልተተከለም። ሸፊ ሱቁን ዘግቶ አካፋ ይዞ መጣ፤ ከደበላ ጋር እየተቀባበሉ ቆፈሩ። ወይዘሮ ገበያነሽና ጀዊሪያ ጎን ለጎን ቆሙ። አፈሩ ሲመለስ ሻምበል ቶሎሳ የዳማውን ሰሌዳ በብብቱ ይዞ ነበር፤ ወራሽ ስላልተገኘ ወይዘሮ ገበያነሽ ውሰደው ብለው ሰጥተውታል። ሸፊ አካፋውን እየጠረገ ሰሌዳውን አየ።

«የሚያጫውትዎ ሰው አለ፣ ሻምበል?»

«የለም።»

«እሱንም እንዲህ ብዬ ጠይቄው አላውቅም» አለ ሸፊ። ከዚያ አካፋውን ትከሻው ላይ አደረገና ቁልቁለቱን አብረው ወረዱ። «እሑድ ሱቁን ቀደም አድርጌ እዘጋለሁ።»