የኦቦ ጃርሶ ድቤ

እኔ በጥንቆላም፣ በመንፈስም፣ በዓይነ ጥላም አምኜ የማላውቅ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ። አባቴ ከጎንደር መጥተው ነገሌ ቦረና የቀሩ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፣ ቤታችን ውስጥ ጉጉት ጮኸች፣ ጥቁር ድመት መንገድ አቋረጠች የሚባል ወሬ አይወራም ነበር፣ እኔም አድጌ ፍርድ ቤት ስቀጠር የተመደብኩት ኤግዚቢት ክፍል ነው፣ ማለትም ፖሊስ በምርመራ የያዘውን ዕቃ ተረክቤ፣ ቁጥር ለጥፌ፣ ቆልፌበት እስከ ውሳኔው የምጠብቅ እኔ ነበርኩ። ደም የነካው ቢላዋ፣ የተሰረቀ ሞተር ሳይክል፣ ከሟች ኪስ የወጣ ሰዓት፣ ሁሉም በእጄ አልፏል፣ እመኑኝ፣ አንዱም ቀና ብሎ አላየኝም።

ባጃጅ ነገሌ ውስጥ መብዛት በጀመረበት ሰሞን ከወደራ በኩል አንድ ሽማግሌ ተከሰው መጡ። ኦቦ ጃርሶ ይባላሉ። ሰው ቤታቸው እየተሰበሰበ፣ ድቤ እየመቱ ወደ ዋቃ የሚጸልዩ፣ የታመመ የሚመርቁ ሰው ነበሩ፣ ከፊሉ የአገር ሰው ቃሉ ይላቸዋል፣ ከፊሉ ደግሞ ቃልቻ፣ እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ በእነዚህ ሁለት ስሞች መካከል ነበር። ቃሉ ከሆኑ የእምነት አባት ናቸው፣ ሕገ መንግሥቱ ይጠብቃቸዋል፣ ቃልቻ ከሆኑ ግን ሰው በማታለል ይጠየቃሉ። የሚያሳዝነው አቤቱታውን ያቀረበችው የገዛ ልጃቸው መሆኗ ነው፣ ታላሶ ትባላለች።

ታላሶ ካገባች በኋላ የአባቷን እምነት ትታ ጸሎት ቤት መሄድ ጀምራ ነበር፣ ቦሩ የሚባለውን አንድ ልጇንም ወደ አያቱ ድቤ ዝር እንዳይል ከልክላዋለች። አንድ ቀን እሷ ለገበያ ነገሌ በመጣችበት ልጁን ትኩሳት ያዘው፣ አማቷም ደንግጠው አቅፈው ቅርብ ወዳለው ሰው ሮጡ፣ ወደ አያቱ። ታላሶ ከገበያ ስትመለስ ልጁ አያቱ ቤት ሞቶ ነበር።

ፍርድ ቤታችን የሚሠራው በኦሮምኛ ነው፣ እኔ እዚህ በአማርኛ ስነግራችሁ የኦቦ ጃርሶ ንግግር ግማሹ ክብደቱ ይጠፋል። ዐቃቤ ሕጉ ልጁን ለምን ጤና ጣቢያ እንዳልላኩት ሲጠይቃቸው፣ በትራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ነው የመለሱት።

«መኪና እንዲጠሩልኝ ሰው ልኬ ነበር። መኪናው እስኪመጣ ጸለይኩ። ሐኪም ዘንድ አትውሰዱት ብዬ አላውቅም።»

«ድቤውስ?»

«ድቤውን ይወደው ነበር። እናቱ ሳታየው እየመጣ በዚያች ትንሽ እጁ ይመታው ነበር። ያን ቀንም ራሱ ነው፣ አካኮ ምታልኝ፣ ያለኝ። አያት ይህን እንዴት እንቢ ይላል?»

ታላሶ ከተቀመጠችበት ተነሥታ «እሱ ድቤ ነው ልጄን የጎተተው» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ዳኛው እንድትቀመጥ አዘዟት፣ ተቀመጠች። አባትና ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ አልተያዩም።

ድቤውን የተረከብኩ ቀን ኦቦ ጃርሶ «ልጄ፣ ቆዳው መሬት አይንካ» ብለው ለምነውኝ ነበር፣ እኔም ግድግዳው ላይ ምስማር ፈልጌ ሰቀልኩላቸው፣ ለሽማግሌ ክብር ብዬ እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም። ጉዳዩ እየተቀጠረ ወራት ሄደ፣ ድቤው አቧራ ለበሰ።

የውሳኔው ዕለት ዳኛው በጠዋት አነበቡት። መጸለይ ወንጀል አይደለም፣ ወንጀል የሚሆነው ሰውን አታሎ ጥቅም ማግኘት ነው፣ ተከሳሹ ይህን ስለ ማድረጋቸው የቀረበ ማስረጃ የለም፣ በነፃ ይሰናበቱ፣ ንብረታቸውም ይመለስላቸው። ኦቦ ጃርሶ አቅም ስላጡ ዘመዶቻቸው አረፍ እንዲሉ ወሰዷቸው፣ ከሰዓት መጥተው ድቤውን ሊረከቡ ተነጋገርን። ታላሶ ግን አልሄደችም፣ ይግባኝ ለማለት የውሳኔውን ግልባጭ እጠብቃለሁ ብላ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረች፣ ጀርባዋን የኤግዚቢት ክፍሉ ግድግዳ ላይ አስደግፋ።

ምሳ ሰዓት አልፎ ግቢው ጭር ብሏል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ሙቀቱን የነገሌ ሰው ያውቀዋል። እኔ ከታላሶ ፊት ለፊት ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ፣ ዘበኛው ጋሽ ሁሴን በሩ ላይ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፏል። መጀመሪያ ፍየል ቆርቆሮ ላይ የወጣች መሰለኝ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ እንደገና፣ ቀስ ያለ፣ በመዳፍ የሚመታ ነገር፣ ዱም፣ ትንሽ ቆይቶ ዱም። ከቆለፍኩት ክፍል ውስጥ ነው የሚመጣው። ጆሮዬ ነው ብዬ ወረቀቴን ማገላበጥ ቀጠልኩ፣ ቀና ስል ግን ጋሽ ሁሴን ሬዲዮውን አጥፍቶ ወደ ኤግዚቢት ክፍሉ በር እያየ ነው።

«ኢንታሎ» አለኝ፣ ሁልጊዜ ልጅት ብሎ እንደሚጠራኝ፣ «ውስጥ ሰው ቆልፈሽበታል እንዴ?»

«ኧረ የለም፣ ጋሽ ሁሴን።»

ታላሶ ሁለታችንንም አየችን። «ምን ሆናችሁ?»

«አይሰማሽም?» አልኳት።

«ምኑ?»

ይህን ስትጠይቀኝ፣ እመኑኝ፣ ድምፁ አልቆመም ነበር፣ ከጀርባዋ፣ በግድግዳው ማዶ፣ ከሁላችንም ለእሷ ቀርቦ እየተመታ ነው። ልጁን የወለደችው እሷ ናት፣ የሰማነው ግን እኔና ጋሽ ሁሴን።

ቁልፉን ሳዞር ጸጥ አለ። ክፍሉ አንድ በር ነው ያለው፣ መስኮቱ ፍርግርግ ነው፣ ውስጡ ማንም የለም። ድቤው ከምስማሩ ላይ አልተነቃነቀም፣ ቆዳው ላይ የተኛው አቧራ እንኳ አልተረበሸም። እጄን ሳሳርፍበት ግን ይፋጃል፣ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ፀሐዩ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም ለራሴ እንደዚያ ነው ያልኩት፣ ብቻ አጠገቡ ያለውን የሞተር ሳይክል ብረት ስነካው ቀዝቃዛ ነበር።

ኦቦ ጃርሶ በዘመድ ተደግፈው ሲመጡ ድቤውን አውርጄ ሰጠኋቸው። መዳፋቸውን ቆዳው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

«ማነው የመታው?»

«ማንም አልመታውም፣ ኦቦ።»

«ሰማሽ ግን።»

ምን ልበል? እውነቱን ተናገርኩ፣ «ሰምቻለሁ» አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ በዚያ ሁሉ ቀጠሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ታላሶ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ፣ እጅሽን አድርጊበት። አሁንም ሙቅ ነው።»

ታላሶ ተነሣች፣ አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው የሄደችም መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቆመች። «አባ፣ ከፍርድ በኋላም? እዚህም?» አለች፣ ወደ እኔ ዞራም «አንቺም ከእሱ ጋር ነሽ» አለችኝ። ግልባጩን ሳትወስድ ወጥታ ሄደች፣ ይግባኝም አላለችም። ኦቦ ጃርሶ ድቤውን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ ሕፃን እንደሚታቀፍ ታቅፈውት ባጃጅ ላይ ወጡ፣ የዚያ ዓመት ዝናብ ሳይገባ መሞታቸውን ሰማሁ። ልጃቸው ቀብራቸው ላይ አልነበረችም አሉ።

ዳኛው የፈረዱት ልክ ነው፣ ዛሬም ቢጠይቁኝ ልክ ነው እላለሁ፣ ሰው እንደ እምነቱ ስለ ጸለየ አይታሰርም። ግን ያ ሁሉ ምስክር ሲጠራ፣ ያ ሁሉ ክርክር ሲደረግ፣ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ልጅ ሐዘን ላይ እንደተቀመጡ የነገራቸው አልነበረም፣ ችሎቱም ለዚህ ቦታ የለውም። ይቆጨኛል። እሷ ያን አንድ እርምጃ ስትሄድ ይታየኛል፣ ምናለ ሌላ አንድ ብትጨምር እላለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነገሌ ገበያ ውስጥ ቲማቲም ስመርጥ አንዲት ሴት «አካም፣ ናጋ?» ብላ አጠገቤ ቆመች። ፊቷ ተጎድቷል፣ ቶሎ አልለየኋትም። ስለ አባቷ ምንም አላነሣችም፣ ስለ ክሱም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያን ቀን የሰማሽው» አለች፣ «እንዴት ነበር? እየተጫወተ ነበር?»

«አዎ» አልኳት፣ «እየተጫወተ ነበር።»

እጄን ጨብጣ አመሰገነችኝና ወደ ሚኒባሶቹ ሄደች፣ እኔም ምን ልገዛ እንደመጣሁ ጠፍቶኝ ቆሜ ቀረሁ። ያ ድምፅ የጨዋታ ዜማ አልነበረውም። አንድ መታ ይልና ይጠብቃል፣ ደግሞ መታ ይልና ይጠብቃል፣ በር ተዘግቶበት ከውስጥ ሆኖ ክፈቱልኝ እንደሚል ሕፃን።