ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃ የማትጠጣው ምራት

በሌላ ሰው ላይ ለመፍረድ አፍ የለኝምና ከራሴ ልጀምር። ስሜ ሸዋወርቅ ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት ናዝሬት ነው። በ1979 ዓ.ም. የጤና ረዳት ሆኜ ከቡልቡላ ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር ወደሚያስኬድ መንደር ተመደብኩ። በመንደር ምሥረታ ጊዜ ገበሬው ከየቦታው ተሰብስቦ በመስመር የሰፈረበት ነው። መንደሩ በሙሉ የሚጠጣው ከአንድ ኩሬ ነበር። እኔም "እያንዳንዱ ቤት ሽንት ቤት ይቆፍር፤ ከዚያ የእጅ ፓምፕ ይተከልላችኋል" የሚል ትእዛዝ ይዤ ሄድኩ። ደብተሬን በሁለት ከፈልኩት፤ በአንድ በኩል "አለ"፣ በሌላው በኩል "የለም"። ጎበዝ ሠራተኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር እኮ!

ከሁሉ ቀድሞ "አለ" ከሚለው ስር የተጻፈው የኦቦ ፈዬራ ስም ነው። ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ስልሳን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። ጉድጓዱን ብቻቸውን ቆፍረው፣ በር ገጥመው፣ ለእጅ መታጠቢያ የዘይት ጣሳ ሰቀሉለት።

"ጓድ ሸዋወርቅ፣ ናዝሬት እንዲህ ያለ አለ?" እያሉ ያሾፉብኛል።

ልጃቸው ደገፋ ብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። ግቢው ውስጥ የቀሩት እሳቸው፣ ምራታቸው ጉዲቱና የስምንት ወሯ የልጅ ልጃቸው ቡዜ ነበሩ። በዚያ መንደር ልማድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ፊት ለፊትም አይነጋገሩም። ደገፋ እያለ በእሱ በኩል ይላላኩ ነበር። እሱ ሲሄድ መልእክተኛዋ ቡዜ ሆነች። ሽማግሌው ደጅ ምንጣፍ ላይ ወደተቀመጠችው ሕፃን ዞረው "ቡዜ፣ ጥጃው ታስሯል ወይ ብለሽ እናትሽን ጠይቂያት" ይላሉ። ጉዲቱ ከውስጥ "ቡዜ፣ ታስሯል በያቸው" ትላለች። ቡዜ ድዷን እያሳየች ትስቃለች። እኔም ከዘመድ ርቄ ስለነበር መሰለኝ፣ ያንን ለመስማት ብዬ ያለ ሥራ በዚያ በኩል አልፍ ነበር።

ሐምሌ ላይ ለስብሰባ ናዝሬት ሄድኩ። "መንደሩ በሙሉ ሽንት ቤት አለው" ብዬ ሪፖርት አቀረብኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ስመለስ ቡዜ ሞታለች። ተቅማጥና ትውከት ይዟት በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ለቅሶ ስገባ ጉዲቱ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት።

"ጠጪ እንጂ፣ እህቴ።"

"አሁን አልጠጣም። ፀሐይ አልጠለቀችም።"

"ጾም ነው?"

"አይደለም።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣል። የት እሄዳለሁ?"

"እንዴ! ያ በር ያለው ሽንት ቤትስ?"

"የእሳቸው ነው።" ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። "አማቴ በገቡበት እንዴት እገባለሁ? ሲመሽ ብቻዬን ከመንደሩ ጀርባ ወዳለው ቦረቦር እወርዳለሁ። ሁላችንም ምራቶች እንደዚያው ነን። ለዚህ ነው ቀን ቀን የማልጠጣው።"

"ጡትሽስ?"

"ደረቀ። ቡዜ ስታለቅስብኝ የኩሬውን ውሃ እሰጣታለሁ።"

ክረምት ሲገባ የዚያ ቦረቦር ጎርፍ የሚወርደው ወደ ኩሬው ነው። ስንት ወር በአጠገቡ ስመላለስ አንዲት ሴት ጠርቼ "አንቺስ የት ትሄጃለሽ?" ብዬ አላውቅም። ደብተሬ ላይ የሚሞላው ስለ ጉድጓዱ ብቻ ነበር።

ወጥቼ ኦቦ ፈዬራን ሽንት ቤቱ ወዳለበት ጓሮ ወሰድኳቸው።

"ጉዲቱ እዚህ ትገባለች?"

"ምን አልሽ? አማት በተቀመጠበት ምራት ልትቀመጥ? ነውር ነው!"

"ታዲያ የት ትሄዳለች?"

"ይህን ደግሞ ሰው ይጠይቃል? የሴት ጉዳይ ነው።"

"ባለመጠየቃችን ነው ቡዜን ያጣናት። እርስዎም እኔም።" የሰማሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ስለ ቦረቦሩ፣ ስለ ደረቀው ጡት፣ ስለ ኩሬው።

"ከግቢዬ ውጪልኝ!" ብለው ጮኹ። እያለቀስኩ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ግቢው ጭር አለ። ባለፍኩ ቁጥር ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ፤ ድምፅ የለም። የሚላላኩባት ልጅ የለችማ! ጉዲቱ ምግባቸውን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች፤ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ይበላሉ። አንድ ቤት ውስጥ ሆነው ለአንዲት ልጅ ለየብቻ ያለቅሳሉ። እኔም ክፍሌን ዘግቼ ብቻዬን አለቅሳለሁ። ጉዲቱ ወደ ወላጆቿ ልትመለስ ነው ሲባል ሰማሁ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት ከግቢው የዶማ ድምፅ መጣ። ዞሬ ሳይ፣ ከጉዲቱ ጓዳ ጀርባ ኦቦ ፈዬራ እስከ ደረታቸው ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። የቡዜን መቃብር የቆፈሩበት ዶማ ነው።

"ላግዝዎት?" አልኳቸው።

"ተዪኝ። ይሄ የእኔ ሥራ ነው።"

አምስት ቀን ቆፈሩ። በር ገጠሙለት፣ ጣሳ ሰቀሉለት። ሲጨርሱ እጃቸውን ታጥበው ደጃፉ ላይ ቆሙ። እንደ ልማዳቸው ወደ ምንጣፉ ዞሩ። ምንጣፉ ላይ ማንም የለም።

"ጉዲቱ!" አሉ በመጨረሻ። በስሟ ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነው። "ልጄ፣ ይሄኛው ያንቺ ነው። እኔ በአጠገቡም አላልፍ። ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር፤ አልጠየቅሁም። እባክሽ ቀን ቀን ውሃ ጠጪ።"



"እሺ፣ አባ" አለች ጉዲቱ ከውስጥ። ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ወደ ወላጆቿም አልተመለሰች። ወሬው በመንደሩ ተዛመተ፤ እስከ ጥቅምት ድረስ ብዙ አማቶች ሁለተኛ ጉድጓድ ቆፈሩ። ደብተሬን ቀድጄ በአዲስ ጀመርኩ፤ በየቤቱ ያሉትን ሰዎች ስም ጻፍኩና እያንዳንዱን "አንተስ? አንቺስ?" እያልኩ ጠየቅሁ። ዛሬ በየገጠሩ ሽንት ቤት የምትቆጥሩ ወገኖቼ፣ እኔ የዘነጋሁትን አትዘንጉ። ጉድጓዱን አይታችሁ አትመለሱ፤ ማን ውጭ እንደቀረ ጠይቁ።

ፓምፑ የተተከለው ኅዳር ላይ ነው። ሰዓቱ እኩለ ቀን ነበር። ጉዲቱ ተራዋ ሲደርስ ጣሳዋን ሞላች፣ ሁላችንም እያየናት ቆማ እስከ ጠብታው ጠጣችና እንደገና ቀዳች።