ከግንዱ አንድ ክንድ ወደ ግራ

የቡና መፈልፈያው አለቃ አቶ ባልቻ፣ ሠላሳ ዓመት ከተመላለሱበት የጪጩ ወንዝ የግንድ ድልድይ ሥር፣ ጭንቅላታቸው ድንጋይ ላይ እንዳረፈ ሞተው ተገኙ። ጠዋት በመሬት ጉዳይ የተጣላቸው የወንድማቸው ልጅ ሽብሩ ወዲያው የፊጥኝ ታሰረ። ቡና ለቃሚዋ አመለወርቅ ገመዱን ባየች ቁጥር አንገቷን ትደፋለች። ልጁን የሚያስፈታው ቃል እሷ ዘንድ ነበር፤ ግን ከአፏ አልወጣ አላት።

ከዲላ የመጣው የፖሊስ መቶ አለቃ ደመላሽ ትንሽ ተናግሮ ብዙ የሚያይ ሰው ነው። ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ቆየና ወደ ሟች ሚስት ወደ ወይዘሮ ዘነቡ ዞረ።

«ባለቤትዎ እንባ ይቀናቸው ነበር?»

«ባልቻ? እናቱን ሲቀብር እንኳ አላለቀሰም! ዓይኑን ግን የቡናው ገለባ እያሳከከው ሲያሽ ይውላል።»

ደመላሽ አንገቷን የደፋችውን አመለወርቅን አያት። «እርስዎንስ ዓይንዎን አያሳክክዎትም?»

«ድሮ ነበር፣ ጌታዬ» አለች። የገዛ ውሸቷ ፊቷን አጋለው።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም ድልድዩ አፍ ላይ ሰበሰባቸው።

«ጭቃው ላይ ያለው የአቶ ባልቻ ዱካ ብቻ ነው፤ የገፋቸው ሰው የለም። የመጨረሻው እርምጃቸው ግን ከግንዱ አንድ ክንድ ወደ ግራ ነው። ግንዱን አላዩትም ማለት ነው። የገለባ አቧራ በሸፈነው ፊታቸው ላይ ደግሞ ከሁለቱም ዓይን ሥር የውሃ መስመር ወርዷል። እንባ ካልሆነ ምንድነው?» ወደ ጤና ጣቢያው ድሬሰር ወደ ጴጥሮስ ዞረ። «ለሚያሳክክ ዓይን ጠብታ ይሰጣሉ?»

«እሰጣለሁ። ማሳከኩን ያስታግሳል፤ ግን ለጊዜው እይታን ሊያደበዝዝ ይችላል። እስኪጠራ ቁጭ ማለት ነው። ለሌላ ሰው ማካፈልም ክልክል ነው ብዬ ተናግሬያለሁ።»

«ለማን ነው የተናገሩት?»

አመለወርቅ ከመቀነቷ ትንሽ ብልቃጥ ፈትታ አወጣች።

«ለኔ ነው። ዓይናቸውን ሲያሹ አይቼ አንጀቴ አልችል አለና ሰጠኋቸው። አንድ አንድ ጠብታ ይበቃል ሳልላቸው ግማሹን ዓይናቸው ላይ አፍስሰው መለሱልኝ። እስኪጠራልዎት ቁጭ ይበሉ ማለት ነበረብኝ። አለቃን ቁጭ በል ብሎ ማዘዝ ነውር መሰለኝ፤ አፈርኩ።»

«ይሄ ልጅ ሲታሰርስ?»

«ያኔም አፈርኩ።»

ገመዱ ተፈታ። ሽብሩ የሰነበረ ክንዱን እያሻሸ በቀጥታ ወደሷ መጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ወደ ኋላዋ ስትል ጭቃው ሲያንሸራትታት አየና ክርኗን ያዝ አደረጋት።

«እትዬ፣ ይወድቃሉ» አላት። «ቁጭ ይበሉ።»